ለእማዬ ጸጥ ያለ ማሽን

ሰኞ

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አስቀርቶኝ የእማዬ ልብ ደክሟል አለኝ። ቀዶ ጥገና አትችልም፣ መድኃኒቱም ከዚህ በላይ የሚጨምርላት ነገር የለም። ዝናቡ እስኪያባራ ከቆየች ጥሩ ነው አለና እሱንም ቃል እንደማይገባልኝ ጨመረ። ታዲያ ምን ላድርግ አልኩት። ቤት ወስደህ አስተኛት፣ ጸጥታ ስጣት፣ አሁን ከሁሉም እንቅልፍ ይበልጥላታል አለኝ።

ጸጥታ ስጣት ይለኛል። በየት በኩል? ዓይኗ ማየት ካቆመ ወዲህ አልጋዋ ያለው እኔ የምሠራበት ክፍል ውስጥ ነው። ከአጠገቤ እንዳትርቅ ብዬ ራሴ ነኝ ያመጣኋት። አልጋዋ አጠገብ ጠረጴዛዬ አለ፣ ጠረጴዛው ሥር ኮምፒውተሬ አለ። እኔ ገና ያልተሠሩ ቤቶችን ፎቶ ነው የምሠራው። አርክቴክቱ መስመር ይልክልኛል፣ እኔ ግድግዳ፣ መስታወት፣ ጥላና የከሰዓት ፀሐይ አድርጌ እመልስለታለሁ። ማሽኑ አንድ ፎቶ ሲያወጣ እሳት ይሆናል፤ ማራገቢያዎቹ ጣሪያ ሊነቅሉ ይደርሳሉ።

ዛሬ ከሆስፒታል አምጥተን ካስተኛናት በኋላ ያቋረጥኩትን ሥራ አስነሳሁ። ማሽኑ ጮኸ። እማዬ ወደ እህቴ ዞራ፣ «ወፍጮ ቤቱ ተከፈተ» አለቻት። እህቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሐኪሙ ያለውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ

ለእትዬ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን ነገርኳት። ታላቅ እህቴ ናት። አስተማሪ ስለሆነች ሰው ፊት ራሷን መሰብሰብ ታውቅበታለች። የታጠበውን ሳህን አንስታ ደግማ አጠበችው። ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት በቀጥታ እዚህ እመጣለሁ አለች።

ከዚያ ያሰብኩትን አስረዳኋት። ማሽኑን ፈታትቼ በውሃ የሚቀዘቅዝ አድርጌ እንደገና ልሠራው ነው። እንደ መኪና ማለት ነው። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ እየገፋ በጋለው ዕቃ ላይ ያሳልፈዋል፣ ውሃው ሙቀቱን ይዞ ራዲያተር ይገባል፣ እዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል። እነዚያ የሚጮሁ ትናንሽ ማራገቢያዎች ይቀራሉ፤ ትልልቆቹ ብቻ በዝግታ ይዞራሉ፣ ድምፃቸው አይሰማም።

«ኮምፒውተር ውስጥ ውሃ?» አለችኝ። «ደህና ነህ ግን?»

ደህና ነኝ፣ በደንብ ከታሰረ አያፈስም አልኳት። እጇን አደረቀችና፣ «ከዚህ ሁሉ ወንበርህን ወደ አልጋዋ ብታስጠጋ አይሻልም?» አለች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ድካም ነው።

ቅዳሜ

መንገዳችን ማዕዘን ላይ የተጋጨ መኪና የሚያቃና ሰው አለ። ሰፈሩ ላሜራ ነው የሚለው፤ እሱም ራሱ ትክክለኛ ስሙን የረሳው ይመስለኛል። ከጋራዡ ጀርባ፣ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ መሀል፣ የብረት ኮመዲኖ አየሁ። ከተዘጋ ክሊኒክ የመጣ ነው። ከላይ መሳቢያ፣ ከታች በር አለው፣ እግሩ ላይ ትንሽ ዝጓል። እንዳየሁት ገባኝ። ተገዝቶ የሚመጣው የኮምፒውተር ሳጥን ለራዲያተሩ ይጠብበታል። ይኼ ግን ሆዱ ሰፊ ነው፤ አልጋዋ አጠገብ ቢቀመጥ የመድኃኒት ማስቀመጫ ነው የሚመስለው።

የምፈልገውን ለላሜራ ሥዬ አሳየሁት። ከላይ ለራዲያተሩ ሰፊ ቀዳዳ፣ ከጀርባ ለገመዶቹ፣ ከጎን አየር የሚገባበት። ወረቀቱን ገልብጦም አየው።

«ራዲያተር አለ፣ ፓምፕ አለ፣ ቱቦ አለ» አለ። «መኪናው የታለ፣ ኢንጂነር?»

ለእናቴ ነው፣ እንድትተኛ ነው አልኩት። ሳቁን አቆመና እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጋራዡ ውስጥ አንድ ጥግ እሰጥሃለሁ፣ ማታ ማታ እየመጣህ ትሠራለህ አለኝ። ጨዋ ሰው ነው። ወሬው ግን አያልቅም።

ሰኞ

ማሽኑን ፈታሁት። ፕሮሰሰሩን፣ ፎቶውን የሚያወጣውን ካርድ፣ ሁሉም የሚሰካበትን ትልቁን ሰሌዳ በፎጣ ጠቅልዬ በካርቶን ወደ ላሜራ ወሰድኩ። እስኪያልቅ ድረስ ቀን ቀን አርክቴክቱ ቢሮ በትርፍ ማሽን እሠራለሁ፣ ሲመሽ ጋራዡ እሄዳለሁ።

ክፍሉ ወዲያው እረጭ አለ። እማዬ ነቅታ፣ «ምነው፣ ዛሬ አትሠራም?» አለችኝ። ተበላሽቶብኝ ነው፣ ላሠራው ነው አልኳት። የማስበውን አልነገርኳትም፤ ሲያልቅ ራሷ ታየዋለች ብዬ። ታየዋለች እላለሁ እኔ ደግሞ። ትሰማዋለች ልበል? እሱም አይሆንም። ዋናው ነገሩ እንዳትሰማው ነው።

«ማታ ግን ትመጣለህ?» አለች።

እመጣለሁ እንጂ፣ የት እሄዳለሁ አልኳት።

ረቡዕ

ቆረጥን። ላሜራ መቁረጫውን ያዘ፣ እኔ ኮመዲኖውን ደግፌ። ፍንጣሪው ሸሚዜን በሳው። ቀዳዳው በአንድ በኩል ተዛንፏል። ሞረድ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት። ጣቴ ተቆርጧል። ስደርስ እማዬ ተኝታለች።

ሐሙስ

ዝናብ። የራዲያተሩ ብሎኖች አጭር ሆኑ። አርክቴክቱ የቤቱን ፎቶ ለምን አዘገየህ ብሎ ደወለ። ስደርስ ተኝታለች።

እሑድ

ዛሬ ቤት ነበርኩ፣ ግማሹን ቀን። እማዬ ፊቷ ትንሽ አብጧል። እጇን ስጨብጣት፣ «እጅህ ብረት ብረት ይሸታል» አለችኝ። ታጥቤ መጣሁ። ምን እንደማወራ ጠፋኝ። በልተሻል ወይ አልኳት፤ በልቻለሁ አለች። መድኃኒቱን ወስደሻል ወይ፤ ወስጃለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርድ ነበር። የቱቦዎቹ ማያያዣ መጥቶ እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ ተነሣሁ።

ኮሪደር ላይ ጫማዬን ሳስር ለእማዬ መርፌ የምትወጋት ነርስ ወጥ ቤት ውስጥ እትዬን ስታዋራት ሰማሁ። ወንድምሽ ሥራ በጣም ይበዛበታል እንዴ፣ አግኝቼው አላውቅም ትላለች። እትዬ፣ «እጁ ሥራ ካልያዘ መኖር አይችልም» አለቻት። «አባታችን ያረፈ ቀንም ጣሪያ ላይ ነበር።»

ጣሪያው ያፈስ ነበር። ክረምት ነበር፣ ማን ሊያስተካክለው ነው? ይህን ገብቼ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ማክሰኞ

ኮመዲኖው ቀለም ተቀብቷል። ነጭ አድርጌዋለሁ፣ ላሜራ ጥቁር ይሻላል ቢለኝም። እሱ ጥቁር የሚለው የመኪና ሰው ስለሆነ ነው። ሲደርቅ እየዞርኩ ተመለከትኩት፤ እውነቴን ነው፣ ያምራል። የበሩ ውስጥ በጎማ ተለብጧል፣ ፓምፑ እንዳይንቀጠቀጥ ስፖንጅ ላይ ተቀምጧል። ላሜራ ራሱ ወሬውን አቁሞ አየው።

ዓርብ

ቱቦዎቹን ገጠምኩ። አንዱን አሳጥሬ ቆርጬው ሌላ መግዛት ግድ ሆነብኝ። የባትሪ ውሃ ሞላሁ፤ የቧንቧ ውሃ ቆሻሻ ይጥልበታል። ከዚያ ሙከራው ነው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ከመብራት አላቅቆ ፓምፑን ብቻ ማስነሳት፤ ከእያንዳንዱ ማያያዣ ሥር ሶፍት ማንጠፍ፤ ሶፍቱ ጠብታ ካላሳየ ደህና ነው። ብዙ ሰዓት መጠበቅ አለብኝ፤ ሌሊቱንም እዚሁ ልሆን ነው። የሚያፈስ ከሆነ ሳልኖር ባያፈስ ይሻላል።

ቅዳሜ

አፈሰሰ። በስተግራ ያለው ማያያዣ ውስጥ የጎማዋ ቀለበት ተጣምማ ነበር። ፈታሁ፣ አስተካከልኩ፣ እንደገና ሞላሁ፣ ሶፍት ቀየርኩ።

እትዬ ጠዋት ደወለች። እማዬ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ሁለት ትራስ ደርበው ቁጭ አድርገዋት ነው ያደረችው። አሁን ተሽሏታል። ለምን አልጠራሽኝም ብዬ ተቆጣኋት።

«ጠርቼሃለሁ» አለችኝ። «ስልክህን እየው።»

አየሁት። የፓምፑን ድምፅ ለማዳመጥ ብዬ ጥሪውን ዘግቼው ነበር።

እሑድ

ሶፍቱ ደርቋል። ሁሉም ደርቋል። መብራቱን ሰጠሁትና አስነሳሁት። አንድ ከባድ ፎቶ አሸከምኩት። ላሜራ ጆሮውን ኮመዲኖው ላይ ለጥፎ፣ ተነሥቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እየሠራ ነው አልኩት። ስክሪኑን እስኪያይ አላመነኝም። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነገ አንድ ቀን ፈትሼው ቤት እወስደዋለሁ። እማዬ በዚህ ጸጥታ ሌቱን ሙሉ ትተኛለች።

ሰኞ

ሙቀቱ እየጨመረ ነው። በዝግታ፣ ግን እየጨመረ ነው። ውሃው ደፍርሷል።

ማክሰኞ

ጥፋቱ የእኔ ነው። አዲስ ራዲያተር ከፋብሪካ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ የብየዳ ቅሪት ይኖራል። ፍል ውሃ ሞልቶ መነቅነቅ፣ መድፋት፣ ንጹሕ እስኪወጣ ደግሞ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ይህን ሥራ የጀመረ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ይኼንን ነው። እኔ ግን አንድ ጊዜ አለቅልቄ ገጠምኩት፤ ቸኩዬ ነበር። ቅሪቱ ከውሃው ጋር ዞሮ ፕሮሰሰሩ ላይ በሚቀመጠው የመዳብ ክዳን ውስጥ፣ ከፀጉር በቀጠኑት መስመሮቹ መሀል ተሰንቅሯል። ሁሉም ይፈታል። ሁሉም ይታጠባል። ከዚያ ሙከራው እንደገና ከሀ።

ማንን ልቆጣ? ላሜራ፣ ይሁን፣ ይፈጠራል አለኝና ውሃ ሊያፈላልኝ ሄደ።

ሐሙስ

እትዬ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል፣ ደስ ብሏታል። እማዬ ዛሬ በራሷ ተነሥታ ቁጭ ብላለች፣ ሾርባውን ጨርሳዋለች፣ ስለ ልጅነቷ እያወራች ታስቀናለች። «ና፣ እንዳያመልጥህ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የመዳቡን ክዳን በትኜ በጥርስ ብሩሽ እየፈተግኩ ነበር፤ ትንንሾቹ ብሎኖች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፤ ትቼ ብሄድ አንዱ ይጠፋል። ነገ እመጣለሁ፣ እያወራች ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው አልኳት።

ዓርብ

ዛሬም ደህና ናት። አባዬን እንዴት እንዳገኘችው እየነገረቻቸው እትዬም ነርሷም በሳቅ ሞተዋል። በስልኩ ውስጥ ሳቃቸው ይሰማኛል። እማዬንም ሰማኋት፣ ከሩቅ። ምን እንዳለች ግን አልያዝኩትም። ራዲያተሩ አሁን ንጹሕ ውሃ እየሰጠ ነው። ዛሬ ካልገጠምኩት ሙከራው ወደ ሌላ ሳምንት ይገፋል።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ጋራዡን ትቼ ጠዋት ሄድኩ። «ምን ነበር ትናንት ያልሽው፣ ስለ አባዬ?» አልኳት።

«ምን አልኩ?» አለች።

ደክሟታል። ዓይኗን ጨፍናለች። እትዬን ጠየቅኳት፤ ልትነግረኝ ጀመረችና መሀል ላይ አቆመች። «እሷ ስታወራው ነበር የሚያምረው» አለች።

አለመሄዴ በምንም አይካስም። እዚህ ልጻፈው እንጂ ለማን እነግረዋለሁ?

ረቡዕ

ሶፍቱ ደረቅ። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቷል። ሙቀቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ዓርብ

ላሜራና እኔ ኮመዲኖውን በጋሪ አምጥተን አስገባነው። እማዬ ተኝታ ነበር፣ ቀስ ብለን ነው ያስቀመጥነው። አልጋዋ ራስጌ፣ በግራ በኩል። ላሜራ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ አያት። ከዚያ ኮፍያውን ያዘና ምንም ሳይል ሄደ። ያ ሰውዬ ያለ ወሬ ሲሄድ ዛሬ ገና አየሁት።

ሰኞ

በረጋ ልብ ልጻፈው።

ዛሬ የመጀመሪያው ሙሉ የሥራ ቀኔ ነበር። እትዬ ትምህርት ቤት ናት፣ ነርሷ ጠዋት መጥታ ሄዳለች። እማዬን ምሳ አበላኋት፣ ትንሽ ቀመሰች፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ፎቅ ቤት ነው፣ የዘገየው። ማሽኑ ሙሉ ጉልበቱን ሰጠ፣ ክፍሉ ውስጥ ግን ምንም የለም። ትንፋሿ ይሰማኛል። ይኸው ተሳካ አልኩ በልቤ። ከሰዓቱን በሙሉ ቀና ሳልል ሠራሁ።

ሲመሽ መብራት ላበራ ስነሣ ወንበሬ ተንሸራተተ። እማዬ ደንገጥ ብላ፣ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«መጣህ?»

«የትም አልሄድኩም። እዚሁ ነበርኩ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከምሳ ጀምሮ።»

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰንጥቋል። ቆይታ፣ «ውሃ ጠምቶኝ ነበር» አለች። «ሰው የሌለ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ውሃው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ በብርጭቆ፣ ክዳን ተደርጎበት። እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ቀና አድርጌ አጠጣኋት። በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች፣ ደግማ ጠየቀች። ቸኩዬ አገጯ ላይ አፈሰስኩባት።

«ያ ማሽንህ ገና አልተሠራም?» አለችኝ።

«ተሠርቷል። ራስጌሽ ያለው እሱ ነው። እንዳይረብሽሽ ብዬ ድምፁን አጠፋሁት።»

«ማን ረበሸኝ አለህ?»

«ወፍጮ ቤት አልሽው እኮ።»

«ቀልዴን ነዋ» አለች። ትንፋሿን ሰበሰበች። «እሱ ሲጮህ አንተ አለህ ማለት ነው። ሲያቆም ልትተኛ ሄድክ ማለት ነው። በሱ ነበር የማውቅህ። አንድ ቀን ጠፋ፣ አንተም ጠፋህ። አባቴ፣ እኔ መቼ ዝም በል አልኩህ?»

አገጯን በፎጣ ጠረግኩላት።

ሰኞ ማታ፣ እንደገና

እትዬ መጥታ እሷ ጋ ናት። እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ከሰዓቱን ሙሉ ውሃ ጠምቷት ተኝታለች፣ እኔ ከጎኗ የሰው ቤት መስታወት እያጸዳሁ። ለሷ ብዬ ነው ያልኩት ሁሉ ለራሴ ነበር። እዚያ ክፍል ቁጭ ብዬ ስትደክም ማየት ፈርቼ ነው። ጋራዥ ውስጥ ማንም አይሞትም።

ቅድም ድምፅ ቢያወጡ ብዬ ማራገቢያዎቹን እስከ መጨረሻው አስሮጥኳቸው፣ ፓምፑንም። ትንሽ እፍ የሚል ነገር ነው የወጣቸው። አጠገቡ የቆመ ሰው ካልሆነ አይሰማውም። የሠራሁት ሥራ ተሳክቶልኝ እንዲህ አዝኜ አላውቅም። ምነው አበላሽቼ በሠራሁት።

ማክሰኞ

ድምፅ ከሌለው ራሴ ልሁንላት ብዬ ተነሣሁ። ወንበሬን አልጋዋ ድረስ አመጣሁ፣ ስክሪኑን ወደዚያ አዞርኩ። ግን ምን ይወራል? ወሬ የላሜራ እንጂ የእኔ አይደለም። አፌ ላይ የመጣልኝን አወራሁ። አሁን ግድግዳውን ነጭ እያደረግኩ ነው እማዬ አልኳት። አሁን በሩን እየከፈትኩ ነው። የእንጨት በር ነው፣ መያዣው ነሐስ ነው። አሁን ፀሐይዋን በግራ በኩል እያስገባሁ ነው።

እንደ እብድ ነው ያስመሰለኝ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ተመለሰች።

እማዬ ለረጅም ጊዜ ካደመጠች በኋላ፣ «አሁን መጣህ» አለችኝ።

ሐሙስ

ዛሬ እያወራሁ እየሠራሁ ነው የዋልኩት። ጉሮሮዬ ደርቋል። እማዬ ወጥ ቤቱን ግባልኝ አለች። ገባሁላት። እዚህ ምድጃ፣ እዚህ መታጠቢያ፣ እዚህ መደርደሪያ። መስኮቱ በየት በኩል ነው ብላ ጠየቀች። መስኮት የለውም፣ አርክቴክቱ አላደረገለትም አልኳት።

«ታዲያ እዚያ ቆማ የምትሠራዋ ምን ልታይ ነው?» አለች። «ሰውየው ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሳሉ አጣደፋት። መታጠቢያው ፊት ለፊት መስኮት ከፈትኩላት። ውጭ ምን ይታያል አለች፤ ግቢው፣ አንድ ዛፍ፣ የተሰጣ ልብስ አልኳት። ልብሱን ዝናብ ሳይመጣ አስገቡት አለች።

ዓርብ

አርክቴክቱ ደወለ። መስኮቱን ማን አዘዘህ፣ ከጀርባው የጎረቤት ግድግዳ ነው ያለው አለኝ። እውነቱን ነው። ለሱ በላክሁት ላይ ዘጋሁት። እኔ ጋ ያለው ላይ እንደተከፈተ ነው። ለእማዬ አልነገርኳትም።

እሑድ

መናገር ትታለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። ነርሷን ጠራኋት። እግሯን ነካካችው፣ ልቧን አዳመጠችና ኮሪደር ላይ ጠርታን፣ ቅርብ ነው አለችን። እትዬ አቀፈችኝ። ከልጅነታችን ወዲህ አቅፋኝ የምታውቅ አይመስለኝም።

ትሰማለች ወይ አልኳት ነርሷን። መስማት ከሁሉም በኋላ ነው የሚሄደው፣ አናግሯት አለች።

ሰኞ

አወራለሁ። ሳሎኑን ጨረስኩላት፣ የልጆቹን ክፍል ጨረስኩላት። ፈርቻለሁም አልኳት፣ በሥራው መሀል፣ ልክ መጋረጃው ግራጫ ነው እንደማለት። ዓይኗ ተጨፍኗል። አንዳንዴ ጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ለእኔ ይሁን ለሌላ ነገር አላውቅም። እትዬ በፈረቃ እንሁን ብላ ልትተኛ ገባች።

ረቡዕ

አሁን ነው መጻፍ የቻልኩት።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነበር። የቀረኝ ደረጃው ብቻ ነበር፤ ከሳሎን ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው። የእንጨት ነው አልኳት፣ ስትረግጪው አይጮህም፣ በቀኝሽ መደገፊያ አለ፣ ለስላሳ ነው፣ እጅሽን ጣል አድርጊበት። ቀስ እያልን እንውጣ፣ ማንም አያስቸኩለንም አልኳት። ትንፋሿን እየሰማሁ ነበር የማወራው። በረዥሙ ትስባለች፣ ትቆያለች፣ ትመልሳለች። እሷ ስትቆይ እኔም እቆያለሁ፣ ስትመልስ እቀጥላለሁ።

መሀል ላይ ሳበች፣ አልመለሰችም።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ዝናቡም አባርቷል፣ ማሽኑም ከጎናችን ሥራውን እየሠራ ዝም ብሏል። ያቺን መቆም ጥርት አድርጌ ሰማኋት። ያ አሮጌው ማሽን ቢሆን ኖሮ አልሰማትም ነበር፤ ዞር ብዬ እስካያት ድረስ ብቻዬን እያወራሁ እቆይ ነበር።

ጠበቅኩ። ስሟን አልጠራሁም፣ አልነቀነቅኳትም። ከዚያ እጇን ይዤ የቀረውን ደረጃ አወጣኋት። መታጠፊያው ጋ መስኮት አለ አልኳት፣ ከዚያ ትንሽ ይቀራል፣ ይኸው ደረስን፣ ላይ ብርሃን ነው፣ አልጋው ተነጥፏል። ይህን ካልኩ በኋላ ነው እትዬን የጠራኋት።

በባዶ እግሯ መጣች። እማዬን አየቻት፣ ከዚያ እኔን። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አጠገቧ ነበርክ?»

«አጠገቧ ነበርኩ» አልኳት።